የተበጠሰው ቺንጋ ምን ይላል?

ደሴ ላይ ስለ ድሮ መኪና ወግ ሲነሳ መዝጊያው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «የድሮ ዕቃ ዕቃ ነበር!» ቮልስ ትወሳለች፣ ሰይቼንቶ ትወሳለች፣ የአሰብን መንገድ ከነተሳቢው የገፋው ኤንትሬ ይወሳል። ከዚያ «የዛሬ ቺንጋ እኮ ሁለት ወር አይቆይም» ይባልና ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ቡናውን ፉት ይላል። ወሎ ለትዝታ እንግዳ አይደለም፤ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ አገር ስም ይጠራሉ። ትዝታ ግን ያለፈውን ሲያነሳ አያጣራም፣ ያዜማል። ለዘፈን ጌጡ ነው፤ ለመኪና ግን ገንዘብ ያስወጣል። የድሮው ቺንጋ በጥንካሬው ነው የኖረው ብሎ ያመነ ሰው፣ የዛሬው በተበጠሰበት ቁጥር ሌላ ከመግዛት በቀር መላ አይታየውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ደጋግሞ የሚበጠስ ቺንጋ ከስንት አንዴ ነው ጥፋተኛ የሚሆነው። የድሮውም ቺንጋ ከዛሬው አይበልጥም ነበር፤ የበለጠው በየጊዜው ይዳስሰው የነበረው አውራ ጣት ነው። ይህን ለማስረዳት ከቮልስ የተሻለ መኪና፣ ከደሴ ዙሪያ የተሻለ መንገድ የለም።

መንገዱን እናስቀድም። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይዞ የሚወርድ መኪና በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። ገራዶ ደግሞ በሌላው ወገን ነው፣ በስተምዕራብ ከጦሳ ጀርባ። ሜዳው ዓይን ያሳርፋል፤ መድረሻው ግን ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው። በአጭሩ ከደሴ ወጥቶ ሜዳ የፈለገ መውረድ አለበት፣ የወረደም ማታ መውጣቱ አይቀርም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ በጣርማበር በኩል ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ አስመራ አውራ ጎዳናውን ሲሠሩ ጠመዝማዛውን ብቻ ትተውልን አልሄዱም፤ የጋራዡን መዝገበ ቃላትም ትተውልናል። ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ኮፋኖ፣ ሚኒሞ ሁሉም የእነሱ ናቸው። መካኒኮቻችን ግን ከአበው የወረሱት ያህል ነው የሚናገሯቸው።

አሁን ወደ መኪናው። በገራዶ ሜዳ ያለፉ ስፖርት መኪኖች ታሪክ ቢጻፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቮልስ ግን ለስፖርት መኪና የሥጋ ዘመድ ናት። የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ፖርሽ 356ን ሲያወጣ ብዙውን ነገር የወሰደው ከእሷ ነበር። በ1964 ማምረት የተጀመረው ፖርሽ 911ም እስከ 1990ዎቹ ማብቂያ ድረስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተሩን ከኋላ ተሸክሞ ኖሯል። ቮልስ ራሷም ብትሆን ለወጉ ያህል ብቻ ስፖርተኛ አልነበረችም፤ መኪና ገዳይ የሚባለውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፋለች። ስለዚህ ስለ ቮልስ ቺንጋ የሚነገረው ነገር ለአሮጌ ፖርሽ ባለቤትም ይሠራል፤ የሚለያዩት በዋጋው ነው።

የቮልስን ኋላ ኮፋኖ የከፈተ ሰው ራዲያተር አያገኝም፤ ውኃ የሚባል ነገር በሞተሩ ውስጥ የለም። ከታች የክራንኩ ፑሌጃ አለ፣ ከላይ የዲናሞው ፑሌጃ አለ፣ በሁለቱ መካከል አንዲት ቀጭን ቺንጋ ትዞራለች። ወርዷ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ የተለመደው ርዝመት 905 ሚሊ ሜትር ነው። የዲናሞው ዘንግ በሌላው ጫፉ ማቀዝቀዣውን ፋን ይዟል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በሌላ መኪና ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ቢበጠስ ባትሪው እስኪደክም ቀስ እያሉ ቤት መግባት ይቻል ይሆናል። በቮልስ ግን ቀይዋ የዲናሞ መብራት በራች ማለት ቻርጁ ብቻ ሳይሆን ንፋሱም ቆመ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚነዳ ሰው ሞተሩን እያቃጠለ ነው። የ911 አሠራርም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ዲናሞው የተቀመጠው ፋኑ መሀል ነው። መኪናው የሚኖረው በቺንጋው ላይ ስለሆነ ሰው ዓይኑን በቺንጋው ላይ መጣሉ አያስደንቅም። ስህተቱ የሚጀምረው ግን እዚያው ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል።

በመጀመሪያ አንድ ሥር የሰደደ እምነት እንይ። «ቺንጋ የሚበጥሰው ዳገት ነው» ይባላል፤ ሐረጎን ሲወጣ፣ ከገራዶ ሲመለስ። ለጆሮ የሚስማማ ነገር ነው፤ ሞተሩ የሚያቃስተው ዳገት ላይ ነውና። ቺንጋው ግን ዳገት ይሁን ቁልቁለት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የሞተሩን ዙር ብቻ ነው። የፋን ጠባይ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠይቀው ጉልበት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በቮልስ ላይ ፋኑ የሚዞረው ከሞተሩ ፍጥነት ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት መሆኑን ጨምሩበት። እንግዲህ ዙሩ በጣም የሚጨምረው መቼ ነው? ፍሬን እንዳይግል ብሎ ማርሽ ቀንሶ በሁለተኛ ቁልቁል የሚወርድ ሾፌር፣ ነዳጅ ሳይረግጥ ሞተሩን እያስጮኸ ነው የሚወርደው። ዙሩ ከ2,000 ወደ 4,000 ሲወጣ ፋኑ ከቺንጋው የሚጠይቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥርም ያ ሁሉ የሚሽከረከር ብረት በድንገት ፍጠን ወይም ቀስ በል ይባላል፤ መንሸራተት ካለ በዚያች ቅጽበት ነው። ታዲያ ዳገቱ ለምን ተወነጀለ? ቺንጋው ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተትና ሲቃጠል ማንም አያየውም፤ ሞተሩ ያን ጊዜ ሥራ ስለሌለው አይግልም። መልሶ ዳገት ሲወጣ፣ የደከመው ቺንጋ ንፋሱን ሲያጓድል፣ ሙቀቱ ይወጣና ጉዳዩ ይጋለጣል። ሰው የቆመው ዳገት ላይ ስለሆነ ክሱን የመሠረተው በዳገቱ ላይ ነው።

ከፍታውን የሚከሱም አሉ። ደሴ አየሩ ስስ ነው፣ ንፋሱ አይበቃም፣ ቺንጋው ስለዚህ ይቃጠላል ይላሉ። አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው፤ በ2,500 ሜትር ላይ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ክርክሩ ግን ራሱን ይጥላል። ስስ አየር ለፋኑ ቀላል ሸክም ነው፤ ስለዚህ ቺንጋው ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ያነሰ ነው የሚደክመው። ሞተሩም የሚስበው አየር ያነሰ ስለሆነ የሚያቃጥለው ነዳጅም፣ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ከፍታው በነጻ ይለቀቅ።

ወደ ራሱ ወደ ማስረጃው እንምጣ። የተበጠሰ ቺንጋ መጣል የለበትም፤ እንደ ሐኪም ካርድ ነው። ቁራጩን ይዞ ወደ ብርሃን ጠጋ ማለት ነው። ሁለቱ ጎኖቹ እንደ መስታወት ካብረቀረቁ ቺንጋው ላልቶ ሲንሸራተት ኖሯል፤ ቀድሞ የሞተው በሙቀት ነው፣ መበጠሱ የቀብሩ ቀን ነው። አንዱ ጎን ተበልቶ ሌላው ደህና ከሆነ ፑሌጃዎቹ አልተያዩም፣ ወይም አንደኛው ተጣምሟል። ይህን ለማረጋገጥ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሞተሩን በሚኒሞ አስነስቶ ፑሌጃውን በጎን ማየት ይበቃል። የተጣመመ ፑሌጃ ሲዞር ይወላገዳል። ውስጡ በተርታ ከተሰነጣጠቀ እርጅና ወይም ሙቀት ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን ጎኑም ውስጡም ደህና ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ክሩ የተገነጠለ ቺንጋ ነው። ይህ ገና ሲገጠም ነው የተገደለው። የላይኛውን ፑሌጃ ፈትቶ ሮንዴላ አውጥቶ አስገብቶ ከመድከም ቺንጋውን በካቻቢቴ እየፈለቀቁ በፑሌጃው ከንፈር ላይ አሳልፈው ከተቱት፤ በዚያች ቅጽበት የውስጡ ክር ተቆረጠ፣ ላስቲኩ ብቻ ይዞት ለሁለት ሳምንት ሄደ። ባለቤቱ ሱቁን ይረግማል።

የፑሌጃውንም ቦይ ማየት ያሻል። ይህ ዓይነት ቺንጋ የሚይዘው በጎኖቹ ነው፣ እንደ ሽብልቅ ተወትፎ። ሆዱ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። የቦዩ ወለል ከጠራና ካብረቀረቀ ቺንጋው እየሰመጠ ነው ማለት ነው፤ ወይ ቺንጋው ቀጭን ነው፣ ወይ ፑሌጃው በዘመን ብዛት ተበልቶ ቦዩ ሰፍቷል። እዚህ ላይ የኮረኮንቹን አቧራ የሚያነሱ ሰዎች ትክክል ናቸው። አቧራው በቺንጋውና በብረቱ መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። የሚሞርደው ግን ቺንጋውን ብቻ አይደለም። ቺንጋው ይጣላል፣ ሌላ ይገባል፤ የተሞረደው ፑሌጃ እዚያው ቆሞ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። አቧራውን የሚከስ ሰው ሳያውቀው የእኔ ምስክር ነው።

ጥፋቱ ምን ያህል ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ከቮልስ የበለጠ የሚያሳይ የለም። አንዳንዴ የተበጠሰው ቺንጋ ሲነካ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ዘይት ጠጥቷል። ዘይቱ ከየት መጣ? በብዙ መኪና ክራንኩ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ዘይት የሚያግድ ጎማ አለ። በቮልስ ፑሌጃ በኩል ግን ጎማ የለም። በፋንታው የፑሌጃው አንገት ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ቦይ ተቀርጿል፤ ሲዞር የሚወጣውን ዘይት እየጠቀለለ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ብልህ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት እስካልበዛ ድረስ ነው። የፒስተኑ ፋሻ ሲያረጅ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ታች ያልፋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ግፊቱ ዘይቱን በዚያ ጥምዝ ቦይ ወደ ውጭ ይተፋል። ዘይቱ ፑሌጃው ላይ ይረጫል፣ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ያብጣል፣ ይበጠሳል። ባለቤቱ በዓመት አራት ቺንጋ ይቀይራል፤ ሕመሙ ያለው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ዘይት ከልኩ በላይ የሞላም ሰው ይህንኑ በሽታ በገዛ እጁ ያመጣል።

«ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ገበያው በማስመሰያ ዕቃ ተጥለቅልቋል፤ እውነተኛ ቺንጋ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ አለ። ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፣ በፌዝ አይታለፍም። ላስቲኩ የደረቀ፣ ክሩ የሳሳ ቺንጋ አለ፤ ልኩ ያልሆነም «ይሠራል» ተብሎ ይሸጣል። ነገር ግን መጥፎ ዕቃ የሚሞተው እንደየጠባዩ ነው፤ አንዱ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ይላቀቃል፣ አንዱ ይረዝማል። ከሦስት ሱቅ የተገዙ ሦስት የተለያዩ ቺንጋዎች ሦስቱም በግራ ጎናቸው ተበልተው ከመጡ ግን ነጋዴው ከነገሩ የለበትም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ተከራይ በተራ ካሳለ ሰው ግድግዳውን ነው የሚያየው። ፈተናውም ርካሽ ነው፤ የወጡትን ሁሉ ጎን ለጎን ማስቀመጥ። ችግሩ አሮጌውን የሚያስቀምጥ የለም።

እንግዲህ የትዝታውን ክርክር እንጋፈጥ። የድሮው ቺንጋ ጠንካራ ነበር ወይ? በሽብልቅ ቅርጽ የተሠራው ቺንጋ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ከአሜሪካዊው ጆን ጌትስ ስም ጋር ይያያዛል። በቀደሙት ዘመናት ውስጡ የጥጥ ክር፣ ሥጋው የተፈጥሮ ላስቲክ ነበር፤ ጥጥ ይረዝማል፣ የተፈጥሮ ላስቲክ ሙቀትና ዘይት አይወድም። ሰው ሠራሹ ላስቲክና የፖሊስተር ክር በኋላ የመጡት ይህን ድካም ለማስቀረት ነው። ከዚህ ይልቅ ግን የሚያሳምነኝ ከትዝታው ከራሱ የሚወጣ ማስረጃ ነው። ጠንቃቃ የቮልስ ባለቤት በፊተኛው ኮፋኖ ውስጥ ትርፍ ቺንጋና ቁልፍ ሳይዝ ረጅም መንገድ አይወጣም ነበር። ቺንጋው እንደሚባለው ብረት ከሆነ ትርፉ ለምን ተያዘ? በተበጠሰ ቺንጋ ፋንታ የሴት ስቶኪንግ አስሮ ቤት ስለመድረስ ዓለም ሁሉ የሚያወራውስ ለምንድን ነው? ይበጠስ ስለነበር ነዋ።

የነበረው ሌላ ነገር ነው። ቮልስ ቺንጋዋን የምታጠብቀው በሌላ መኪና እንደለመድነው ዲናሞውን ገፋ አድርጎ ብሎን በማሰር አይደለም። የላይኛው ፑሌጃ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ሮንዴላዎች ተደርድረዋል። አንድ ሮንዴላ ከመካከል ሲወጣ ግማሾቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይገፋል፣ ይጠብቃል። የወጣው ሮንዴላ አይጣልም፤ ከፑሌጃው ውጭ፣ ከዳዶው ሥር ይቀመጣል፣ ለሌላ ቀን። ልኩን የሚለካው አውራ ጣት ነው፤ መሀሉን ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። ይህ አሠራር ባለቤቱን ወደ ሞተሩ ይጠራው ነበር። ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ጣት፤ ሌላ አያስፈልግም። ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት በደርግ ዘመንም ጣቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም እጥረቱ ራሱ ጣቱን አሠልጥኖታል። አንድ ቺንጋ እንዲበረክት የሚፈልግ ሰው ሳይላላ ነው የሚያጠብቀው፣ ዘይት ሳይነካው ነው የሚጠርገው። በትዝታችን ውስጥ «ዓመት ያገለገለው ቺንጋ» የዚያ እጅ ሥራ ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሰነፍ በየዘመኑ አለ፣ ሞተር ያቃጠለም ብዙ ነው። ሰነፉ ግን ዛሬ ወግ ሲነሳ አይወሳም፤ የተረፈችው ቮልስ የጠንቃቃው ናት። ትዝታ የሚቆጥረው የተረፉትን ብቻ መሆኑ ራሱ አንድ የስሌት ስህተት ነው።

የስፖርት መኪናው ጉዳይ እዚህ ላይ በሌላ መልክ ይመለሳል። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው 124 ስፖርት፣ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው ሞተሩ፣ የላይኞቹን ዘንጎች የሚያዞረው በሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ባለው የላስቲክ ቺንጋ ነበር። ከዚሁ ከ124 የተወለደችውና የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና የኖረችው ላዳ ግን የመጀመሪያዋ ሞዴል በሰንሰለት ነው የወጣችው። ጥርስ ያለው ቺንጋ ሲበጠስ ንፋስ ብቻ አይቆምም፤ የሞተሩ የውስጥ ጊዜ ይፋለሳል። ደጋግሞ የሚበጠስ ከሆነም የሚጠየቁት ያው የታወቁት ጎረቤቶች ናቸው፤ የወጣሪው ኩሽኔታ፣ የዘይት ፍሳሽ፣ ያልተያየ ፑሌጃ። ቅርጹ ተቀየረ እንጂ ምርመራው አልተቀየረም።

ከዚያ ጣቱ ሥራ ፈታ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ፎርድ ሙስታንግ ወዲህ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ቺንጋ ሁሉንም የሚያዞርበት፣ በራሱ የሚጠብቅ ወጣሪ ያለው አሠራር እየተስፋፋ መጣ። የተሻለ ነው፤ ይህን መካድ ትዝታን ማምለክ ይሆናል። ግን ማንም የማይነካው ነገር ማንም የማያውቀው ነገር ይሆናል፤ ወጣሪው ራሱ ሲደክም ቺንጋው ደግሞ ይበጠሳል፣ ቺንጋውም ደግሞ ይረገማል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ይህ ቺንጋ የለም። ይህ ማለት ግን በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች የቆሙት ያረጁ መኪኖች ነገ ይጠፋሉ ማለት አይደለም፤ አዲስ ካልገባ አሮጌው ይበልጥ ያረጃል፣ ይበልጥም ይጠገናል።

ስለዚህ ከገራዶ መልስ ቀይዋ መብራት ብትበራባችሁ ወዲያው ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ። ወደ ሱቅ ስትሄዱ የተበጠሰውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዋጋው በፊት ሁለቱን ጎኖቹን ተመልከቱ፣ አዲሱን ከማስገባታችሁም በፊት የፑሌጃውን አንገት በጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ዘይት ይዞ ከመጣ ሌላ ቺንጋ አትግዙ፤ መካኒኩን ፋሻውን ጠይቁት።